ማር የገባበት ንፍሮ

የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ በገና ዋዜማ ንፍሮው ላይ ማር የምታደርጊው ለምንድነው? ንገሪን» ብለው ያዙኝ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ወጥተን፣ በሱዳን በኩል አትላንታ የገባን ሰሞን ነው፤ አስር ዓመቴ ነበር። ጎረቤታችን ዩክሬናዊቷ አሮጊት፣ ገናቸው ከኛ ጋር አንድ ቀን ነውና በዋዜማው ራት ጠሩን። ማር የገባበት የስንዴ ንፍሮ አቀረቡ። በኛ ንፍሮ የለቅሶ ስለሆነ «እማዬ፣ ማን ሞቶባቸው ነው?» ብል፣ «ዝም በይ» ብላ ቆነጠጠችኝ።

ሳህን ቀርቦበት ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር አየሁና እዚያ ቁጭ አልኩ። እናቴ ልታስነሳኝ ስትል አሮጊቷ በእጃቸው ከለከሏትና «ኦክሳና፣ ኦክሳና» እያሉ ደጋግመው ጨመሩልኝ። ስሜ የጠፋቸው መስሎኝ ሳላርማቸው በላሁ።

አሮጊቷ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ነገረኝ። ኦክሳና በልጅነታቸው አገራቸው በገባው ረሃብ በአስር ዓመቷ የሞተች ታናሽ እህታቸው ነበረች፤ ሳህኑም በየገናው ለእሷ የሚቀመጥ ነበር።