ቅባት አልባ

በጃንሆይ ዘመን ዳንግላ ውስጥ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር ነበርኩ። በሥልጠና ላይ የለቃቀምኳት ላቲን ታኮራኝ ስለነበር፣ የቃጠሎ መድኃኒቱ ጣሳ ላይ በትልልቁ «ቅባት አልባ» ብዬ ጻፍኩ፤ ነጭ ቅባት ማለቴ ነው።

አንድ ቀን እግራቸውን ፍም ያቃጠላቸው የቅኔ መምህር ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር በበቅሎ መጡ። ጽሑፉን አነበቡና ሊወጡ ተነሡ።

«የኔታ፣ ወዴት ነው?»

«ቅባት የለም ብለህ ጽፈህ የለም እንዴ?»

«ኧረ ላቲን ነው! ነጭ ማለት ነው። ለወንድ አልቡስ፣ ለሴት አልባ፣ ከሁለቱም ላልሆነ አልቡም ይባላል።»

የኔታ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ። «ይሄማ የእኛ ነው! በግዕዝ አልቦ የለውም፣ አልባ የላትም ነው። ነጭ ከየት መጣ?»

«ከጥንት ሮማውያን።»

«ሮማውያንስ ከማን ሰሙ?»

እግራቸው እያበጠ ስለ ሰዋስው ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች ሁሉ ለየኔታ አገዙ። በመጨረሻ ተናደድኩና፣ «እንግዲያው በዓይንዎ ይዩት፤ እንደ ወተት ነጭ ነው!» ብዬ የጣሳውን ክዳን ከፈትኩላቸው።

ጣሳው ተጠርጎ ባዶ ነበር።

የኔታ አጎንብሰው አዩና፣ «አላልኩህም?» አሉኝ።