«እናቱ ነኝ» ያልኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ሁሉ እያፈሰች ወደ አገሩ በምትመልስበት ጊዜ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

እኔ ጂዛን ከተማ ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ኢቃማ አለኝ፤ የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው። ልጄ ከማል ግን በየመን በኩል በእግሩ የገባ ነው፣ ምንም የለው።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ የጎልፍ ሜዳ ነበር። ድሮ ፈረንጆች ትንሿን ነጭ ኳስ በዱላ የሚመቱበት፣ ኋላ ለሕዝብ የተከፈተ። ሣር የሚባል የለውም፣ አሸዋ ነው። ቤቶቹ አርጅተው ሊታደሱ ሆነና ከማልና ሦስት የወሎ ልጆች እዚያ ጣሪያ ሲያወርዱ፣ ግድግዳ ሲያፈርሱ ይውሉ ነበር። ሥራው ጥድፊያ ስለሆነ ዓርብም አያርፉም። እኔ ዓርብ አርፋለሁና ምግብ እወስድላቸዋለሁ። አራቱም «እማ» ነው የሚሉኝ።

ከከማል ጋር ውል ነበረን። መኪና ከመጣ አላውቀውም፣ አያውቀኝም። ወረቀት የሌለውን ያስጠጋም ይታሰራል ይባል ነበርና።

ያን ቀን ሩዝ በዶሮ ይዤ ሄድኩ። ሰይድ የሚባለው ቀልደኛ፣ በፍርስራሹ መሀል እያዞረ ያሳየኛል።

«እማ፣ እዚህ ጋ ካፌ ይሆናል። እዚያ ደግሞ የሴቶች ሽንት ቤት። ሲያልቅ መጥተሽ ኳስ ትመቻለሽ።»

«በምን ጉልበቴ?»

«ከማልን በምትመቺበት!»

ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው ሳያባራ ሁለት መኪና ደረሰ። ጀዋዛት፣ ወረቀት የሚጠይቁት ፖሊሶች ናቸው። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚደበቁት ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ነበር። ያን ግድግዳ ግን ጠዋት ራሳቸው አፍርሰውታል። ሜዳው ገላጣ ነው፣ አንድ ዛፍ እንኳ የለ። የት ይግቡ? ሁሉንም ያዟቸው።

አንድ ሽበታም ፖሊስ ወደ እኔ እየጠቆመ «ይቺ ማን ናት?» ብሎ ከማልን ጠየቀው። ከማል ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አላውቃትም» አለ። በውላችን መሠረት ነው። ሌላው ፖሊስ ማጅራቱን ጨብጦ ወደ መኪናው ሲገፋው ግን ውሉም ምኑም ከራሴ ጠፋ። ምግቡን ጥዬ ሽበታሙ እግር ላይ ወደቅኩ።

«ኢብኒ! ኢብኒ! ልጄ ነው፣ እናቱ ነኝ! በአላህ ይሁንብህ!»

ሽበታሙ ኢቃማዬን አየ። የተደፋውን ሩዝ አየ። «ኸላስ፣ በቃ» አለ። ከማልን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ውሰጂው። ሁለተኛ እዚህ እንዳላየው።»

የልጄን እጅ ይዤ መሄድ ስጀምር ሰይድ ከመኪናው ላይ ጠራኝ።

«እማ! ለእኔም እናቱ ነኝ በይላቸው!»

ቆምኩ። ሽበታሙ አማርኛ አይሰማም፣ ግን ምን እንደምል የሚጠብቅ መሰለኝ። ሁለተኛ ልጅ ብጨምር የመጀመሪያውም ውሸት ነው ብለው ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብኩና የከማልን እጅ አጥብቄ ሄድኩ። ከማል ወደ ኋላ ዞሮ አላየም።

ዛሬ ሁለታችንም አገራችን ገብተናል። ሌሎቹ ሁለት ልጆችም ታስረው ቆይተው ተመልሰዋል፣ ለከማል ይደውሉለታል። ሰይድን ግን አይቼዋለሁ የሚል አላገኘንም። ያን ያህል ጊዜ አብልቼው የእናቱን ስም፣ ቀዬውን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። የት ሄጄ ልጠይቃት? ባገኛትስ ምን እላታለሁ?

ከማል «ተይ እማ፣ ሰይድ መቀለዱ ነበር» ይለኛል። ለእኔ አዝኖ ነው። እሱ ያኔ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። የሰይድን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ፤ አልቀለደም።