የጥጃ ድምፅ ሁሉ አንድ ነው ላለው ሰውዬ

እህቴ ላም ስታልብ አይታችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማስረዳት ባላስፈለገኝ። መጀመሪያ ባልዲውን አታቀርብም። ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ ታስደግፍና አፏን ዘግታ ከጉሮሮዋ «እምምም» ትላለች። የተራበ ጥጃ እናቱ ሆድ ስር ገብቶ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ላሟ ትረጋጋለች፣ ማመንዠክ ትጀምራለች፣ ከዚያ ወተቱ ይወርዳል። በምንሠራበት የከብት እርባታ ስድስት አላቢዎች አሉ፤ ይህን የምትችለው ግን እሷ ብቻ ናት። አንዱ ልሞክር ቢል ላሟ ዞር ብላ አየችውና ባልዲውን በርግጫ ከግድግዳ አላተመችበት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው በረት ውስጥ ናት። ጉልበቷ አልቋል፣ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋል፣ ቦት ጫማዋ ሁለት ጊዜ ተለጥፏል። ቤት ስትገባ ወሬ የላትም። ባሏ «ከላሞቹ የተረፈችውን ቃል ነው ለእኔ የምታመጣው» እያለ ይቀልዳል። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ከበረቱ አጠገብ ባለው ክፍል ወተት በጠርሙስ እሞላለሁ፤ የሷን ዝምታ የምክሰውም እኔ ነኝ። እታለም እላታለሁ።

የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት። «አፏን አይተሽ ስሚያት» ትለኛለች። ላም ጥጃዋ አጠገቧ ሲሆን አፏን ዘግታ ነው የምታናግረው፤ ዝቅ አድርጋ፣ ለሱ ብቻ። ሲወስዱባት አፏን ትከፍታለች፣ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ጥጃውም እንደዚያው ነው። የረሃቡ ሌላ፣ የፍርሃቱ ሌላ።

እንግዲህ ይህን የማያውቅ ሰው አምጥተው አለቃ አድርገው ሾሙብን። የእርባታው ባለቤት አማች ነው፤ ከዚያ በፊት ጎማ ይሸጥ ነበር። በመጣ በሳምንቱ ግድግዳውን በወረቀት ሸፈነው፤ ወተት ከፍ ሲል መስመሩ ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ። እኛም በጓሮ «ግራፉ» አልነው። አፉ ላይ ማር ነው ያለው። አንድ ጠዋት እታለምን ስታልብ ቆሞ አያትና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ድንቅ ነው! ግን ጉሮሮ ይደክማል። ድምፅ ማጉያ አይደክምም» አላት።

ወደ እኔ ዞሮ፣ «የአንቺ ስልክ ጥሩ ይቀዳል። የጥጃ ድምፅ ቅጂልኝ» አለኝ።

እታለም ቀስ ብላ፣ «አለቃ፣ እንግዲያው ነገ ማለዳ ይሁን። ከመጥባታቸው በፊት፣ እናታቸው አጠገብ ሆነው» አለችው።

«ዛሬውኑ ነው የምፈልገው።»

ያን ቀን ወንድ ጥጆቹ ተሸጠው መኪና ላይ እየተጫኑ ነበር። ድምፅ እንደ ልብ! አራት ጥጃ አፉን ከፍቶ ይጮሃል፤ ከሁሉም በላይ የእሜቴ ጥጃ። እሜቴ ያልናት እታለም በገዛ እጇ ያዋለደቻት፣ ስትራመድ እንደ ትልቅ ሴት ቅልስልስ የምትል ላም ናት። ስልኬን ወደ መኪናው ዘርግቼ ቀዳሁና ላክሁለት። የፍርሃት ድምፅ መሆኑን አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሽ? አውቅ ነበር። ሰውዬውን ቶሎ ልገላገለው ብዬ ነው። ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

በማግስቱ ማጉያው በረት ውስጥ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ጩኸት ሲወጣ ላሞቹ ሁሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አንዷ ባለችበት እበቷን ለቀቀችው፣ አንዷ ባልዲ ደፋች፣ ወተቱ በግማሽ ቀነሰ። እሜቴማ አበደች። ገመዷን ወደ ማጉያው እየጎተተች ማነቂያው አንገቷን ላጠው። ሰውዬው ይህን ሁሉ አይቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ድምፁን ጨመረው! «አልተሰማቸውም ይሆናል» አለ እኮ!

እህቴ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ገባች። ተከትያት በሩ ላይ ቆምኩ።

«አለቃ፣ ይሄ የረሃብ ድምፅ አይደለም፤ የፍርሃት ነው። ላሞቹን እያስጨነቀብን ነው፣ እባክዎ ይዝጉት።»

«እትዬ፣ የጥጃ ድምፅ የጥጃ ድምፅ ነው።»

«ላሞቹ ይለዩታል።»

«እርስዎ ጠይቀዋቸው ነው?» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል እታለም ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

እሜቴ ለአራት ቀን ጮኸች። ድምፅዋ ሻከረ፤ ኋላ ላይ አፏን ትከፍትና ንፋስ ብቻ ይወጣል። ወተቷ ለእታለምም ቢሆን ጠብ አላለላትም። ግራፉ መጥቶ «ይቺ ረባሽ ናት፣ ሌሎቹን ታበላሽብኛለች፤ ቄራ ትሂድ» ሲል እህቴ ለመነችው። እሷ፣ ለራሷ ጫማ እንኳ ለምና የማታውቀው! «ሦስት ቀን ይስጡኝ። ወተቷን ካልመለስኩ ያን ጊዜ ይውሰዷት።» እሺ አለ፤ ማጉያውን ግን አልዘጋም።

እሷም ላሟን ከሣር መጋዘኑ ጀርባ ወሰደቻት፣ ጩኸቱ በደንብ ወደማይሰማበት። ምሳዋን እዚያ በላች። ግንባሯን አስደግፋ «እምምም» ትላለች፤ ላሟ ዝም። በሁለተኛው ቀን ጆሮዋን መለሰች። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ባልዲ ሰጠቻት! እታለም ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ እየሮጠች መጣች፤ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

ሰውዬው ወደ ባልዲው አጎንብሶ አየና «ግማሽ?» አለ። በቃ። ግማሽ? ብሎ ቄራ ስልክ ደወለ።

መኪናው በማግስቱ ጠዋት መጣ። እሜቴ አራት እግሯን መሬት ላይ ተከለች። ሁለት ሠራተኞች ከፊት ጎተቱ፣ ሁለት ከኋላ ገፉ፣ ወይ ፍንክች! ግራፉ ላቡን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ ይጥሩልን። ድምፅዎን ስትሰማ ትከተልዎታለች» አላት።

«አልጠራም» አለች እህቴ። «ይሄን ድምፅ አምናኝ ነው ወተቷን የሰጠችኝ። ለቄራ አልጠራትም።»

«ሥራዎ ነው እኮ።»

«ሥራዬ ማለብ ነው።»

ልቤ እንዴት እንዳበጠ! «ይበለው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ደስታዬ ግን ደቂቃም አልቆየ። ሰውዬው ዞር ብሎ ሄደና ማጉያውን ከበረቱ ነቅሎ ይዞ መጣ። የመኪናው ሆድ ውስጥ፣ እጥግ ላይ አስቀመጠው። ከፈተው።

እኔ የቀዳሁት ጥጃ ከመኪናው ውስጥ ጮኸ።

እሜቴ ገመዱን ከሰዎቹ እጅ መንጭቃ ወጣች። ማንም አልገፋትም። መወጣጫውን በሩጫ ወጥታ ማጉያው ጋ ደረሰች፤ አሸተተችው፤ ላሰችው። ከዚያ አፏን ዘጋች። አፏን ዘግታ፣ በዚያ በሻከረ ጉሮሮዋ፣ ዝቅ አድርጋ «እምምም» አለችው። አገኘሁህ ማለቷ ነው። ይህን ለማየት ነው የተፈጠርኩት?

«አያችሁ?» አለ ሰውዬው። «ተረጋጋች። ይሠራል ብዬ አልነበር?»

ከዚያ ምን እንዳደረገ ስሙ። ማጉያው የእርባታው ንብረት ነው ብሎ ሊያወርደው ወጣ! ያን ድምፅ ስጠላው የከረምኩት እኔ ነኝ፣ ግን ሮጬ እጁን ያዝኩ። «ተወው! አንተ ሰውዬ፣ እስክትደርስ እንኳ ይጩኽላት፣ ተወው!» አልኩት። አንተ አልኩት፤ ያባርረኝ። «አብደሻል እንዴ?» ብሎ ገፈተረኝና ዘግቶ ይዞት ወረደ። እሜቴ ዙሪያዋን አየች። አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ እታለም ሽርጧን ፈትታ ለእኔ አስያዘችኝና መወጣጫውን ወጣች። ሾፌሩ «እትዬ፣ ሰው አልጭንም» አላት፤ አልሰማችውም። ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ አስደገፈች። መኪናው ሲነሳ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ አፏን ዘግታ።

ከቀትር በኋላ በእግሯ ተመለሰች፣ አቧራ ለብሳ። ግራፉ በሩ ላይ ጠብቆ «እትዬ፣ የጠዋቱን አለባ ቀርተዋል፤ ቀሪ ብዬ ይዤዎታለሁ» አላት። አላየችውም። እኔ ክፍል ገብታ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ውሃ ሰጠኋት። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ የቀዳሁትን ድምፅ እፊቷ አጠፋሁት፤ ሰውዬው ጋ እንዳለ ባውቅም።

«አፏን ከፈተች?» አልኳት።

ድምፅዋ ተዘግቶ ስለነበር ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት።

«እስከ ቄራው በር ድረስ አልከፈተችም» አለችኝ። «ከበሩ ወዲያ ሰው አይገባም አሉኝ።»