አያቴ ከእግዜር ጋር የተኳረፈችበት ክረምት

አያቴ መርዶ ሊነግሯት የመጡትን ሰዎች አጥር አሳጥራቸዋለች። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ቡታጅራ ነው፤ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ በነበሩባቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመቴ ቢሆን ነው። አባቴ ከጎንደር ከተማ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እናቴ ግን የአገሩ ልጅ ናት። የእናቴ እናት ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ብቻዋን ስለምትኖር እሷ ጋ የማድረው እኔ ነበርኩ። ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ አዲስ አበባ ነበሩ። ሁለቱ ነጋዴዎች፣ ትንሹ ልብስ ሰፊ።

አንድ የነሐሴ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ካፊያ ብቻ ቀርቷል። አያቴ ነጠላዋን ደርባ ስትከፍት እኔም ከኋላዋ ብቅ አልኩ። ደጁ ላይ ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት አባቴ፣ ቀጥሎ የንስሐ አባቷ ጥምጣማቸው ረጥቦ፣ ከጎናቸው ጎረቤታችን ሀጂ ጃንጥላ ይዘው፣ ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። እናቴ ከሁሉም ኋላ ፊቷን ሸፍናለች።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?» አለ አባቴ። ድምፁ ቀጥኗል። የተማረ ነው፣ አነጋገር ያውቃል ተብሎ ነው እሱ የተመረጠው።

አያቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዝናብ፣ ቄስና ሀጂ አንድ ላይ ሆነው ደጅ ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቃል። 

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «በጥሩ ጊዜ መጣችሁ። የጓሮው አጥር ወድቆ አድሯል።»

«እማማ፣ እኛ የመጣነው...»

«ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። መጀመሪያ አጥሩ። ጥጃዋ እንሰቴን ልትጨርሰው ነው።»

አባቴ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ወደ ሀጂ ዞሩ። ሀጂ ጥቂት አሰቡና ጃንጥላቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«የት ጋ ነው የወደቀው?» አሉ።

ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ችካሉን ያዙ፤ ሀጂ በትልቅ ድንጋይ ይመቱታል። አንዴ ድንጋዩ ስቶ የቄሱን አውራ ጣት ለጥቂት ሲያልፈው፣ «ኧረ ቢስሚላህ ይበሉ እንጂ ሀጂ!» ብለው ጮኹ። ሀጂም እሺ ብለው ከዚያ በኋላ በየምቱ ቢስሚላህ ይሉ ጀመር። አባቴ ጥጃዋን እንዲይዝ ታዘዘ። አባቴ ስለ ጥጃ የሚያውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚስለውን ያህል ነው። እንሰቱ መሃል ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ለለቅሶው ብሎ የለበሰው ኮት ከነኮሌታው ጭቃ ሆነ። ሴቶቹ ገሚሶቹ ደጁን ይጠርጋሉ፣ ገሚሶቹ ውሃ ይቀዳሉ። አያቴ በመካከላቸው እየተዘዋወረች፣ «እሱን ጠበቅ አድርጉት፤ ነገ ሊወድቅ ነው» ትላለች።

ሳቄ መጣ። ከዚያ እናቴን አየኋት። አንዱ እንሰት ሥር ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች። ወንድሟ ነው የሞተው። ድምጿ እንዳይሰማ ነው የነከሰችው። ሳቄን ዋጥኩት።

አጥሩ አለቀ። ጥጃዋ ታሰረች። አያቴ ሌላ የምታዘው ሥራ ፍለጋ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ምንም አልቀረም። መደቡ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«በሉ አሁን ንገሩኝ» አለች። «የትኛው ነው?»

 አባቴ ጭቃ የነካ እጁን ኮቱ ላይ እየጠረገ፣ «ትንሹ» አለ።

የዚያን ጊዜ ጩኸቷን አልጽፈውም።

ትንሹ አጎቴን የሳንባ ምች ነው በአራት ቀን የገደለው። መንገዱ በጭቃ ተቋርጦ ስለነበር አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም፤ እዚያው አዲስ አበባ ቀበሩት። አያቴን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይህ ይመስለኛል። ሳታየው፣ አፈር ሳታለብሰው። ለቅሶው ላይ ቄሱ አጠገቧ ተቀምጠው ሊያጽናኗት ሞከሩ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ወዶት ነው የወሰደው።»

«እኔስ ጠልቼው ነበር?» አለች። «እኔም እወደው ነበር። ደግሞ ልጄ አይበሉኝ አባ። እርስዎ ክርስትና ሲነሱ ድግሱ ላይ ቆጮ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።»

ያዘነው ሰው ሁሉ በነጠላው ሥር ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አልለየሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ እግዜርን አኮረፈች። ኩርፊያዋን ደግሞ በሥርዓቱ ነበር የምታኮርፈው። እሁድ እሁድ እንደ ድሮዋ ነጭ ለብሳ፣ እኔን አስከትላ መድኃኔዓለም ትሄዳለች። የቅጽሩ በር ላይ ስትደርስ ግን አትገባም። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥታ ትቀመጣለች። ቅዳሴው ሲያልቅ ተነሥታ ነጠላዋን ታራግፍና ወደ ቤት እንመለሳለን።

«እማማ፣ ካልገባሽ ለምን እንመጣለን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ካልመጣሁማ እንዳኮረፍኩ በምን ያውቃል?»

ቄሱ የተጣሉ ባልና ሚስት እንደሚያስታርቅ ሽማግሌ ከውስጥ ወደ ውጭ ተመላለሱ። አልሆነላቸውም። ሀጂ ደግሞ አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል፣ «አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ» ቢሏት፣ «ሶላት ላይ ሲያገኙት አኩርፋለች ይበሉልኝ» አለቻቸው። ሀጂ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ይህንንስ ራስሽ ብትነግሪው ይሻላል» ብለው ሄዱ።

መስከረም ጠባ። በእኛ አገር መስቀል ማለት አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ የሚገባበት ጊዜ ነው። ትንሹ አጎቴ ሲመጣ ለእያንዳንዳችን በእጁ የሰፋውን ልብስ ይዞ ይመጣ ነበር። ለደንበኞቹ በሜትር የሚለካ ሰው ለእኛ በግምት ነበር የሚቆርጠው፤ ግምቱ ደግሞ አንድም ጊዜ ልክ ሆኖ አያውቅም። አባቴ በጣም ረጅም ሰው ነው። አጎቴ በየዓመቱ ይህንን እየረሳ፣ አባቴም በየዓመቱ ቁርጭምጭሚቱ እየታየ «በጣም ቆንጆ ሱሪ ነው» እያለ ያመሰግነው ነበር።

መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው መንገዱ ተከፈተና አውቶቡሱ አንድ ጥቅል ጨርቅ አወረደልን። የአጎቴ የሥራ ጓደኛ ነው የላከው። አጎቴ ሳይታመም በፊት የዓመቱን ልብሳችንን ሰፍቶ ጨርሶ ኖሯል።

ጥቅሉ አያቴ ቤት መደብ ላይ ተቀመጠ። ማንም ሊነካው አልፈለገም። በመጨረሻ አያቴ ራሷ ፈታችው።

የአባቴን ሱሪ አወጣች። አጎቴ በስንት ዓመቱ የአባቴን ረጅምነት አስታውሶ ኖሮ፣ ይኸውላችሁ፣ ከልክ በላይ አስረዝሞታል፤ አባቴ ወገቡ ላይ ቢይዘው እግሩ መሬት ላይ ተንጎተተ። የእኔ ቀሚስ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው። አያቴ የራሷን በጥቁር ልብሷ ላይ አጠለቀችው። አንገቱ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ ከእጅጌው ጣቷ አልታይ አለ።

«ይሄ ልጅ» አለች፣ «እኔን ምን ታክላለች ብሎ ነው የሚያስበኝ?»

ሳቀች። ከዚያ ማለዳ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እናቴ ደነገጠች። ከዚያ እሷም ሳቀች፣ አባቴም፣ እኔም። ስንስቅ ቆይተን ሁላችንም እያለቀስን ነበር፤ የቱ ጋ እንደተቀየረ አላውቅም።

«መስቀል ዕለት እንለብሰዋለን» አለች አያቴ ዓይኗን በዚያ በረጅሙ እጅጌ እየጠረገች።

«እማማ! ሐዘን ላይ አይደለን? አርባው እንኳ አልወጣም፤ ሰው ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«የፈለገውን ይበል። ለመስቀል ብሎ ሰፋው፤ ለመስቀል ይለበሳል።»

እናቴ ቄሱ ይጠየቁ አለች። አያቴ ልብሱን እንደለበሰች ብድግ ብላ ወጣች፤ እኔ ከኋላ ጫፉን ይዤ እሮጣለሁ። መድኃኔዓለም ስንደርስ ቄሱ ከውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያነባሉ። አያቴ ዘው ብላ ገባች። በሩን አለፈችው። እኔ አየሁ፤ ቄሱም አዩ። መጽሐፋቸውን አጠፉ።

ነገሩን ሰሙ፤ ልብሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙና፣ «ሐዘኑን በልባችሁ ያዙት፤ ልብሱን ልበሱት» አሉ።

ስንወጣ አያቴ በሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ገብቼ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«ለጉዳይ ነው የገባሁት» አለች። «አይቆጠርም።»

መስቀል ደረሰ። በዚያ ዓመት እኛ ቤት አልታረደም፤ ጎረቤት ክትፎ አምጥቶ አበላን። ደመራው ጋ አባቴ ሱሪውን አራት ጊዜ አጥፎ፣ እኔ ቀሚሴን በሁለት እጄ ሰብስቤ፣ አያቴ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ቆምን። አንዳንድ ሴቶች እያዩን ተንሾካሾኩ። አያቴ ወደ እነሱ ዞራ፣ «ልጄ ነው የሰፋው» አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ድንጋዩ ጋ ደርሳ አልተቀመጠችም። ገባች። በሴቶች በኩል እስከ መጨረሻው ቆመች። ስትወጣ ቄሱን አስቁማ፣ «አባ፣ ስብከትዎ ረዘመ፤ እግሬን ገደሉኝ» አለቻቸው። እሳቸውን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

መንገድ ላይ፣ «ታረቃችሁ?» አልኳት።

«ገና ነን» አለች። «ግን ብዙ የማወራው ነገር አለኝ፤ ለማን ልንገረው?»

እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ አልጋው ውስጥ ሆኜ ስታወራው እሰማት ነበር። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ቅቤ መወደድ፣ ሁለቱ ልጆቿ ሚስት ስላለማግባታቸው ትነግረዋለች። ትንሹ ልጇ ጋ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርገዋለች፤ እዚያ ላይ የምትለውን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።