ከመስቀያው ሥር ያለው ጥላሸት

ሃያ ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽድታለች። ወረቀት በለበሰ ግድግዳ ላይ እንግዳ ወይን ሲረጭ ወይ ሲጋራ ሲያጨስበት የምትጠራው እሷ ስለሆነች፣ ባልደረቦቿ «የግድግዳ ሐኪም» ይሏታል። «ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል አልሰማችሁም? ጆሮውን የምጠርግለት እኔ ነኝ» እያለች ታስቃቸው ነበር።

እናቷ አራት ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆነው ሳሎን ውስጥ ተኙ። እሷ ሥራ ስትውል የሚያስታምማቸው ታናሽ ወንድሟ ነው። ያገላብጣቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ያጎርሳቸዋል። አንድ ብርዳማ ቀን ከሰዓት በኋላ የላምባ ማሞቂያው ተበላሽቶ ቤቱን በጭስ ሞላው። እሳት እንኳን አልተነሣም፤ አሮጊቷን ጭሱ ብቻ በቃቸው።

ወንድሟ ለፖሊስም ለጎረቤትም የሰጠው ቃል አንድ ነው፤ «ክፍሌ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። ስነቃ ቤቱ ጠቁሯል።» አራት ዓመት በወጉ ባልተኛ ሰው ማን ይፈርዳል? እሷም አቅፋው አለቀሰች።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሟ፣ «እትዬ፣ ይሄን የሳሎኑን ግድግዳ ወረቀት ገሽልጠን እንጣለው» አላት።

«እማዬ የመረጠችውን? አይሆንም።»

በዕረፍት ቀኗ መሰላል ላይ ወጣች። ጥላሸት ውሃ ከነካው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ በደረቅ ስፖንጅ፣ ሳትጫን፣ ከላይ ወደ ታች ጠረገችው። የስፖንጁ ፊት ሲጠቁር በቢላ እየቀረፈች ቀጠለች። ከወረቀቱ የሐረግ ንድፍ ሥር ፈዛዛው ሰማያዊ ብቅ አለ። ሰዓቱን ስታወርድ ንጹሕ ክብ ታየ። የእናቷን ሹራብ ከምስማሩ ላይ ስታነሣ ደግሞ ጭሱ ያልደረሰበት የሹራብ ቅርጽ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎ ግድግዳው ላይ ቀረ። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በሩ አጠገብ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። እዚያ ያለው የወንድሟ መስቀያ ነው። ያለው ካፖርት አንድ ነው፤ እሱ ቤት ካለ ከዚያ መስቀያ ወርዶ አያውቅም። ከሥሩ ያለው ወረቀት ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር፤ የካፖርት ቅርጽ የለበትም።

«የዚያን ቀን ካፖርትህ የት ነበር?»

ቆሻሻ ሲያወጣላት የነበረው ወንድሟ መስቀያውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። ቆሻሻ የያዘበትን ከረጢት ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ወጥቼ ነበር» አለ።

«የት?»

«የትም። አየር ልቀበል ብዬ። ሰዎች ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲሳሳቁ አየሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አላውቃቸውም። ለአሥር ደቂቃ ያልኩት ሁለት ሰዓት ፈጀ። እትዬ፣ አራት ዓመት እኮ ነው።»

«እማዬ ጠርታህ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አልነበርኩም አልኩሽ።»

ልትሰድበው ስትል ግን «አንድ ቀን እንኳ ተኪኝ» ብሎ ስንት ጊዜ እንደለመናት ትዝ አላት። እሷ ደግሞ በዕረፍት ቀኗ ሳይቀር ሆቴሉ በጠራት ቁጥር እየሮጠች ትሄድ ነበር፤ የሕመም ሽታ ከሌለበት ክፍል መዋሉ ይሻላት ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልተናገረችም።

ለወለሉ ካመጣችው ባልዲ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንሥታ ከመስቀያው ሥር ያለውን ጥላሸት ፈተገችው። የምታደርገውን ታውቃለች። ጥላሸቱ ጠልቆ ገባ፣ ወረቀቱም እየተላጠ በእጇ ላይ መጣ።

«ተይ እትዬ፣ ይበቃል» አላት። አልተወችም፤ ሲሚንቶው እስኪታይ ድረስ ፈተገች።

ወሩ ሳያልቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ይዞ ሄደ። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ስለ ብርዱ ይጠይቃታል፣ ደኅና ነው ትለዋለች። የነገራትን ለፖሊስም ለዘመድም ትንፍሽ አላለችም። የቀረውን ግድግዳ በሦስት የዕረፍት ቀን ጨረሰችው። ጎረቤት እየገባ፣ «እጅሽ ይባረክ፣ አዲስ አስመሰልሽው!» ይላታል። «አሜን» ብላ ትሸኝና የሳሎኑን በር ትዘጋለች። የምትበላውም የምትተኛውም ወጥ ቤት ሆኗል።