ዶክተሯ ለጸሎት ነው የምትወጣው

ተራራ ለሚወድ ሰው ሚዛን ተፈሪ ቅጣት ነው። ተራራ ጠፍቶ አይደለም፤ በየት ዞረህ ብታይ ተራራ ነው። ግን እስከ ጫፉ ድረስ ዛፍ ነው! እኔ ያደግኩት ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ ነው። ጦሳ ላይ ስትወጣ ከተማው በሙሉ እግርህ ሥር ይዘረጋል፤ የእናትህን ቤት ቆርቆሮ ሳይቀር ለይተህ ታያለህ። እዚህ ግን ላብህ እስኪንጠፈጠፍ ወጥተህ፣ ጭቃ ለጭቃ ተንሸራትተህ፣ ጫፍ ስትደርስ የሚጠብቅህ ሌላ ዛፍ ነው። ዛፉ የሳሳበት ቦታ ደግሞ ጉም አለ። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ጫፉ ላይ ቆሜ "አሁን ይሄ ምኑ ተራራ ነው!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። የሰማኝ አንድ ጉሬዛ ብቻ ነበር።

ወደዚህ የመጣሁት በምደባ ነው። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ለከተማው የመጀመሪያዋ። ከእኔ በፊት ጥርሱን ያመመው ሰው ወይ ጅማ ድረስ ይሄዳል፣ ወይ ከሰፈሩ ጉጠት ያለው ሰው ይፈልጋል። ሐኪም መሆን ምኞቴ አልነበረም። እኔ ሰዓሊ ነበር መሆን የፈለግኩት። አባቴ "ሥዕል እራት አይሆንም" አለና ነገሩ በዚያው አለቀ። ትምህርት ላይ ሳለሁ የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥርስን ከሰም መቅረጽ። ጓደኞቼ እየተነጫነጩ የሚሠሩትን እኔ ሰም ለምኜ እደግመው ነበር። መንጋጋ ጥርስ ላይ ያሉት ሸለቆዎችና ጫፎች እንዴት ያምሩ መሰላችሁ! እግዜር ያንን ሁሉ ጥበብ ለምን አፍ ውስጥ እንደደበቀው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

"ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትመለሻለሽ" ተብዬ ነበር። ሁለቱ ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መቁጠር ትቻለሁ። ዝውውር በጠየቅኩ ቁጥር አለቃዬ መስኮቱን ከፍቶ ወረፋውን ያሳየኛል። "ተተኪ ይምጣ እንጂ እኔው ራሴ ነኝ የምሸኝሽ" ይላል። ወረፋውን አያለሁ። ከሸኮ የመጣ አለ፤ ከጌጫ ዝናብ ሲቀጠቅጠው የመጣ አለ፤ ቴፒ ቡና ለቀማ ላይ ጉንጩ አብጦ በሰው ተደግፎ የመጣ አለ። ለእነዚህ ሰዎች "እኔ ተራራ ናፈቀኝ" ይባላል? እረፍት እንኳን መውሰድ አልቻልኩም። የወንድሜ ሠርግ ላይ ሄጄ መልሱ ሳይጠራ ተመልሻለሁ። የራሴ የምላት ቅዳሜን ብቻ ነበር።

እሷም ብትሆን ብዙ አልቆየችልኝም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን አዝዬ፣ ገመዴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሸራዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ስወጣ አከራዬ በር ላይ አገኙኝ። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው የቤንች ሴት ናቸው፤ የቸርቻቸውን የጸሎት ቡድን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ እማማ ነው የምላቸው።

"ወዴት ነው ልጄ?"

"ተራራ ልወጣ ነው።"

"ከብት ጠፋብሽ?"

"ኧረ ምን ከብት አለኝ እማማ!"

"ማር ልትቆርጪ ነው?"

"አይ፣ እንዲሁ ልወጣ ነው።"

እንዲሁ የሚባለው ነገር አልገባቸውም። ትንሽ አሰብ አደረጉና ፊታቸው በራ። "ሃሌ ሉያ!" አሉ። እዚህ አገር ሰው ያለ ከብትና ያለ ቀፎ ተራራ ከወጣ ለጸሎት ነው የሚወጣው። ጾሞ ይወጣል፣ እንደ ልቡ ጮኾ ይጸልያል፣ ሲመሽ ይወርዳል፤ ሌላ ምክንያት የለም። "አይደለም" ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው መባረክ ጀምረዋል። ማን ምርቃት ያቋርጣል? ቆሜ ተመረቅኩና ሄድኩ።

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። "ዶክተሯ ለጸሎት ነው የምትወጣው" ተባለ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛው ሁሉ የጸሎት ርዕስ ይዞ ይመጣል። ጥርሱን ነቅዬ፣ ጥጥ አስነክሼ፣ "አትናገር፣ ደም እንዳይፈስህ" ስለው እጄን ይይዝና ጥጡን እንደነከሰ "ሆክተር፣ ሂኔ ልጅ የለኝም፣ ቅዳሜ ስትወጪ..." ይላል። አንዱ ቡናው በበሽታ እንዳይመታበት፣ አንዷ ባሏ ቴፒ ከያዛት ሴት እንዲላቀቅ፣ አንዱ ፈተና እንዲያልፍ። እኔ እንኳን ቤተ ክርስቲያን በመሳም የታወቅኩ ሰው አይደለሁም! "አልጸልይም፣ ሥዕል ነው የምሥለው" ብዬ በግልጽ ተናግሬ አውቃለሁ። "ትሕትናዋ!" ብለው ሄዱ።

ሥዕሉንም ቢሆን አላስወደድኩትም። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ፍርሃቱን እንዲረሳ ብዬ ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ የሰሜንን ተራሮች በትልቁ ሣልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተማሪ ሳለሁ ነው ያየኋቸው። ገደሉን፣ ራቁቱን የቆመውን ዐለት፣ በሥሩ የተዘረጋውን ባዶ አገር ሁሉ አወጣሁት። ልቤን ያፈሰስኩበት ሥዕል ነው። አንድ የሸኮ ቡና ገበሬ አፉን ከፍቶ ረጅም ሰዓት ሲያየው ቆየና ሥራዬን ስጨርስ፣ "ዛፉን ማን ጨረሰው?" አለኝ። ከልቡ አዝኖ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም ይህንኑ ነው የሚጠይቁኝ።

እንዲህ እያለ ቅዳሜም ሥራ ሆነች። ዝናብ ሲጥል ልተኛ ብል እማማ በሩን ያንኳኳሉ፤ "ልጄ፣ ሰው አደራ ሰጥቶሽ የለም?" እወጣለሁ። ጫፉ ላይ ሸራዬን ዘርግቼ ብሩሼን ሳነሳ የማየው አገር አይደለም፤ የሴትየዋ ባል ነገር፣ የቡናው በሽታ፣ ልጅ ያጣው ሰውዬ ነው የሚመጣብኝ። መታፈን ማለት ይሄ ነው። ታች ስሆን ወረፋ፣ ላይ ስወጣ ወረፋ! አንዳንድ ቀን ሸራውን ሳልነካው ጠቅልዬ እየተሳደብኩ እወርዳለሁ። ስደርስ ሰዎች በር ላይ ቆመው "ጌታ ይባርክሽ" ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት ግን በሩ ገርበብ አለ። ተተኪ መጣ! ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት የጥርስ ሐኪም፤ ጫማው ነጭ፣ ሁኔታው ሁሉ የእንግዳ። በዚያው ሰሞን ደባርቅ ያለ ሆስፒታል የጥርስ ሐኪም እንደሚፈልግ ሰማሁና ጠየቅኩ። "ሰኞ ጠዋት ቁርጥሽን አሳውቂን፣ ቦታው ያንቺ ነው" አሉኝ። ደባርቅ! ከደጅ ሲወጡ የሰሜን ተራሮች! አለቃዬም ቃሉን ጠበቀ፤ "ልጁ እስካለ ድረስ ልቀቂ" አለኝ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ጨፈርኩ። ለማንም ሳልናገር ለእማማ ብቻ ነገርኳቸው።  እሳቸውም የሚቀነጥሱትን ጎመን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቅዳሜ ለመሰናበት ወጣሁ። ማንም የጸሎት ርዕስ አልሰጠኝም፤ ይሄ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ጫፉ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፉን ራሱን መሣል ጀመርኩ። እጄ እንደዚያን ቀን ታዞልኝ አያውቅም። ያኔ ነው ከጉሙ ውስጥ ድምፅ የሰማሁት። ብዙ ሰው እያለከለከ ሲወጣ፣ ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ ጸሎት። የጸሎት ቡድኑ ነው። ከዛፉ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ያለሁበትን ሳያዩ ተንበረከኩ። እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁለት የመዘምራን ልጆች ደግፈው ነው ያወጧቸው። ድምፃቸውን ለየሁት።

"ጌታ ሆይ፣ መንገዷን ዝጋ!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ።

"ደባርቅ የተባለውን በር ዝጋ! ከዚህች ከተማ እንዳትወጣ እግሯን እሰር!"

"አሜን! አሜን!"

ብሩሼ ከእጄ ወደቀ። ሰው መቼም ብዙ ነገር ይሰማል፤ ግን የሚወዱት ሰዎች እግሩ እንዲታሰር ሲለምኑበት ተደብቆ የሰማ ስንቱ ነው? መሣቅም አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ከሁሉም በላይ ጎልቶ "አሜን!" የሚል አንድ የወንድ ድምፅ ነበርና አንገቴን አስግጌ አየሁ። ተተኪዬ ነው! ነጭ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ከሁሉም አብልጦ ይጮሃል።

አልቻልኩም፤ ወጣሁ። "እኔ እዚህ ነኝ" አልኩ። አንዳንዶቹ ደነገጡ። እማማ ግን ቅንጣት አላፈሩም። "ደግ ነው፣ መጣሽ፤ ነይ ተንበርከኪ፣ አብረን እንለምን" አሉኝ። "እማማ፣ በራሴ ላይ ልጸልይ?" ብዬ ጮህኩባቸው። "ሰኞ እሄዳለሁ! እሄዳለሁ!" ሸራዬንም ሳልጠቀልል ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። ተተኪው ልጅ ከኋላዬ እየተንሸራተተ ደረሰብኝ። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ፤ "እርስዎ ከሄዱ እኔ ከዚህ መቼም አልወጣም።" ምን እለዋለሁ? በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምጮኸው። "ወንድሜ፣ ከራስህ ጉድጓድ ራስህ ውጣ" አልኩትና ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ደባርቅ ከመደወሌ በፊት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ፊቱን ሳይ ገባኝ። ልጁ እሑድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል፤ ስልኩም ዝግ ነው። አለቃዬ መስኮቱን መክፈት እንኳን አላስፈለገውም፤ ወረፋው ኮሪደሩ ውስጥ ገብቷል። ለደባርቅ ደወልኩና "አልመጣም" አልኩ። ከዚያ ጓንቴን አድርጌ "ቀጣይ!" ብዬ ተጣራሁ። የገባችው ሴት ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ አቅፋ ሳመችኝ። "ጌታ ሰማን!" አለች። ቀኑን ሙሉ የገባው ሁሉ ይስመኛል። እኔ ደግሞ ጥርስ እነቅላለሁ።

ማታ ቤት ስደርስ እማማ እልል አሉ። ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። "ለእናንተ ነው የሰማው!" አልኳቸው። "እኔን ማን ጠየቀኝ? ስንት ዓመት የሰው አደራ ተሸክሜ ስወጣ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን 'ያንቺስ ርዕስ ምንድን ነው?' ብሎኛል? እርስዎ እንኳን ብለውኛል?" እልልታው አፋቸው ላይ ቀረ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ወረወርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ቦርሳዬን አልነካሁም። አልወጣም ብያለሁ፤ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ፊቴ ቆሙ።

"ያንቺ ርዕስ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ይተዉት እማማ።"

"ንገሪኝ። ዛሬ እኔ ነኝ የምወጣው።"

"መውጫ" አልኩ። "ከዚህ መውጣት ነው የምፈልገው። ሌላ ርዕስ የለኝም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዳትከተዪኝ፤ ሰው አጠገቤ ካለ አይሆንልኝም" አሉና ሄዱ። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ጭቃ! እስከ ቀትር ቀና ብዬ ሳይ ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ። ቢወድቁስ? ማን ያነሣቸዋል? ቦት ጫማዬን አጠለቅኩ፣ አወለቅኩ፣ ደግሞ አጠለቅኩ። ጎረቤቶቻችን "ዶክተር ዛሬ አልወጣሽም?" ይሉኛል። "እማማ ወጥተውልኛል" እላቸዋለሁ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ነው። ሮጬ ደገፍኳቸውና በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። ውሃ ጠጡ፣ ትንፋሻቸው መለስ አለ፣ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

"ነገርኩት" አሉ። "አንቺ ባልሽው ቃል ነው የነገርኩት፤ ልቀቃት አልኩት። ግን እያለቀስኩ ነው ያልኩት ልጄ። አፌን ይስማ፣ ልቤን ይስማ፣ እሱን እኔ አላውቅም።"