የማውሱ ጎማ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሙ ጠፍቶ «አለቀ» ነው የሚሉት። ሥራ ሰጥተውት ዞር ሳይሉ «አለቀ!» ይላላ! የሆስፒታሉን የመድኃኒት ማዘዣ ገጽ የሠራውም እሱ ነው። ባልደረባው «በሌሎቹም ብራውዘሮች ሞክረው እንጂ፤ የማውስ ጎማ በሁሉም አንድ ዓይነት አይሠራም» ብትለው፣ «ጎማ ያው ጎማ ነው፣ አታካብጂ!» ብሎ ሳቀባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን መልቀሙንም ለሰው ነው የተወው።

ዛሬ እናቱ ስኳራቸው ተነሥቶባቸው እዚያው ሆስፒታል ተኝተዋል። እሱ የነርሷን ጠረጴዛ ተደግፎ ኢንሱሊናቸውን ስታዝላቸው ያያል። በመጠኑ ቦታ ስምንት ዩኒት ብላ ጻፈች። የታማሚዋን ስም ልታረጋግጥ ወደ ላይ ለመመለስ ጎማውን ስታሽከረክር ገጹ አልንቀሳቀስም አለ፤ በእሱ ፋንታ ቁጥሩ ሄደ። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት።

«ይቺ ገጽ አንዳንዴ እንዲህ ትለግማለች» አለችና ማውሱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ደግማ አሽከረከረች። አሁን ገጹ ወደ ላይ ወጣ፣ ቁጥሩ ከታች ቀርቶ ከዓይኗ ተሰወረ። ጣቷ «ላክ» የሚለውን ሊጫን ነው።

«እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ።

«ምነው ወንድሜ፣ በጤናህ ነው?»

«ወደ ታች ውረጂና ቁጥሩን እዪው እህቴ፣ በእናትሽ!»

ወርዳ አየች። ክው አለች። «እኔ እኮ ስምንት ነው የጻፍኩት!»

«አውቃለሁ። በእኔ ብራውዘር ጎማው ገጹን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ በዚህኛው ቁጥሩንም ያዞራል። የሠራሁት እኔ ነኝ። አልሞከርኩትም።»

ግን እናቱ ተርፈዋል፤ እፎይ ሊል ነበር። እፎይታ ብሎ ነገር! ድንገት ሌላ ሐሳብ መጣበት።

«ከእናቴ በፊት ለማን አዘዝሽ?»

ነርሷ ተነሥታ ሮጠች። ተከተላት። ከእናቱ አጠገብ ባለው አልጋ የተኙት አሮጊት በላብ ተጠምቀዋል፤ ሲጠሯቸው አይሰሙም። ልጃቸው እያለቀሰች በመሐረብ ግንባራቸውን ትጠርጋለች።

«ስኳራቸው ወርዷል! ግሉኮስ አምጡ! ቶሎ በሉ!» ነርሷ ጮኸች።

እናቱ እሱን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። ወደምታለቅሰው ልጅ ዞር ብለው «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሏት። «የሆስፒታሉን ኮምፒውተር የሠራው ይሄ ልጄ ነው። እሱ እያለ ምንም አይሆኑም።»